በረዶው የት፣ መቼ፣ በየትኛው ነፋስ? ለስኪ ጉዞ ትንበያን ማንበብ

እ.ኤ.አ. በማርች 2021 አጋማሽ ዴንቨር ላይ 27.1 ኢንች በረዶ ወረደ። በከተማዋ መዝገብ ከታላላቆቹ አንዱ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ አውሮራ ውስጥ መኪናውን በአካፋ ሲያወጣ የዋለ ሰው «ታች እንዲህ ከሆነ ተራራው ላይማ!» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ያ ወጀብ ግን እርጥበቱን ያመጣው ከምሥራቅ፣ ከሜዳው በኩል ነበር፤ ሸክሙንም በብዛት ያራገፈው በተራሮቹ ምሥራቃዊ እግር ሥር ነው። ከሰንሰለቱ ማዶ ያሉት የስኪ ማዕከሎች የደረሳቸው ከዚያ ያነሰ ነበር። ተቃራኒውም በየዓመቱ ደጋግሞ ይደርሳል፤ ዴንቨር ላይ ፀሐይ ወጥቶ ሰው በሹራብ ሲንሸራሸር ቬል ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል ያድራል።

ስለዚህ «ስንት ኢንች ይጥላል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን የትም አያደርስም። የሚጥለው የት ላይ ነው? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? በምን ያህል ቅዝቃዜ? ከዚያስ የሚከተለው ፀሐይ ነው ነፋስ? ቅዳሜዎን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም የእነዚህ መልስ ነው። ከታች ያለው መመሪያ በአመዛኙ ከዴንቨርና ከአውሮራ ተነሥቶ በአይ-70 ሽቅብ ለሚወጣ ቤተሰብ የተጻፈ ነው፤ ሲያትልና ዋሽንግተን ዲሲ ላላችሁም ወደ መጨረሻው የምለው አለ። ሰዓቱን ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የሚፈልጉትን ቀን ይወቁ

ትንበያ ከመክፈትዎ በፊት ይህን ይወስኑ። ስኪ የለመደ ሰው የሚመኘው በረዶ ጥሎ ያደረበትን ማለዳ፣ ማንም ያልረገጠውን ልል በረዶ ነው። ፓውደር የሚሉት እሱን ነው፤ ለእሱ ሲሉ «አሞኛል» ብለው ከሥራ የሚቀሩ ሰዎች ዴንቨር ውስጥ ሞልተዋል። ለጀማሪ ግን ያ ቀን ቅጣት ነው። የስኪው ጫፍ በረዶው ውስጥ ይቀበራል፣ መታጠፍ ያቅታል፣ ወድቆ መነሣቱ ራሱ ትንፋሽ ያሳጥራል። መንገዱም ወይ ተዘግቷል ወይ ተጨናንቋል።

ልጆችዎን ወይም ራስዎን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስዱ ከሆነ ወጀቡ ካለፈ በኋላ ያለውን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቀን ይፈልጉ። ሰማዩ የጠራ፣ ነፋሱ የደከመ፣ የቀኑ ሙቀት ከ20 እስከ 32 ዲግሪ ፋራናይት ማለትም ከዜሮ በታች 7 እስከ ዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የሆነ ቀን። እስከዚያ ድረስ ማታ ማታ የሚሠሩት ስኖውካት የሚባሉ ባለ ሰንሰለት ማሽኖች አዲሱን በረዶ ጠቅጥቀው፣ ደልድለው፣ ላዩን በቀጫጭን መስመር አበጥረው ይጨርሳሉ። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ወለል የለም። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ይህን ቀን ለማግኘት ወይም ፓውደሩን ፈላጊ ከሆኑ ያንኛውን ለማግኘት የሚያገለግል ነው።

ከአሥር እስከ አምስት ቀን ሲቀር

በዚህ ርቀት ቁጥር አይመኑ። ስልክዎ «ቅዳሜ 14 ኢንች» ቢልዎት ያ ኮምፒዩተር ያወጣው አንድ ግምት ነው እንጂ ባለሙያ አይቶ የፈረመበት ትንበያ አይደለም። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች ጂ.ኤፍ.ኤስ. የሚባለውን የአሜሪካ ሞዴል ወይም የአውሮፓውን ውጤት በቀጥታ ይገለብጣሉ። የአሜሪካው በቀን አራት ጊዜ አዲስ ስሌት ያወጣል፤ በእያንዳንዱ ስሌት የወጀቡ መንገድ ትንሽ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ፈቀቅ ካለ ጠዋት 14 የነበረው ማታ 3 ይሆናል። እነዚህ ሞዴሎች ተራራና ሸለቆን አቻችለው፣ ጫፉን ቆርጠው ስለሚያዩት አንድ ማዕከል ላይ የሚወርደውን ከሳምንት በፊት በኢንች መናገር አይሆንላቸውም።

የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው። ወጀብ የሚባል ነገር አለ ወይስ ሳምንቱ ደረቅ ነው? አንድ ነው ወይስ ተከታትለው ይመጣሉ? ሁለቱ ሞዴሎች ይስማማሉ? ሁለቱም ለተከታታይ ቀናት አንድ ነገር ካሉ ቀኑን ይያዙት። ካልተስማሙ ይጠብቁ።

ሰው የጻፈው ሐተታ ከምልክትና ከቁጥር እጅግ ይሻላል። የሜቴዎሮሎጂ ባለሙያው ጆኤል ግራትዝ የመሠረተው ኦፕንስኖው ለኮሎራዶ ስኪ ብቻ ተብሎ የሚጻፍ ዕለታዊ ሐተታ አለው፤ ሙሉው አገልግሎት ይከፈልበታል። በነጻ የሚገኘው ደግሞ የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የቦልደር ቢሮ በየዕለቱ የሚያወጣው የትንበያ ሐተታ ነው። እንግሊዝኛው ሙያ የበዛበት ነው፤ ቢሆንም ባለሙያዎቹ ስለ እርግጠኝነታቸው የሚጽፉትን አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ፈልጎ ማንበብ አያቅትም። «እርግጠኞች አይደለንም» ካሉ እርስዎም አይሁኑ።

የሊፍት ቲኬት አስቀድሞ ሲገዛ ይረክሳል፤ ችግሩ የሚረክስበት ጊዜ ትንበያው ገና ያልበሰለበት መሆኑ ነው። ቀን መቀየር የሚፈቅደውን ይምረጡ፤ ከመክፈልዎ በፊት የስረዛ ደንቡን ያንብቡ።

ሦስት ቀን ሲቀር፦ ነፋሱ ከየት ነው?

ይህ ክፍል ከሁሉ ይበልጥ ዋጋ አለው፤ ብዙ ሰው ግን ዘልሎት ያልፋል።

አየር ተራራ ሲገጥመው ሽቅብ ይገፋል። ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የያዘው እርጥበት ደመና ሆኖ፣ ከዚያም በረዶ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ የሚጠግበው ነፋሱን በግንባሩ የሚቀበለው ጎን ነው፤ ከጀርባ ያለው ትራፊውን ያገኛል። ኮሎራዶ ውስጥ ይህን እንደ ካርታ ማንበብ ይቻላል። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ከሆነ ስቲምቦት፣ ቬልና በሰሚት ካውንቲ ዙሪያ ያሉት ደህና ያገኛሉ፤ ላቭላንድና ዊንተር ፓርክም ድርሻ አላቸው። ከደቡብ ምዕራብ ከሆነ ሲሳዩ በስተደቡብ ለሳን ዋን ተራሮች ነው፤ በግዛቱ ብዙ በረዶ በማግኘት የሚታወቀው ዎልፍ ክሪክ ያለው እዚያ ነው፤ ከዴንቨር ግን ሩቅ መንገድ ነው። ከምሥራቅ ከሆነ የሚመታው ራሷ ዴንቨር፣ ቦልደርና ከቦልደር ከፍ ብሎ ያለው ኤልዶራ ነው። የ2021ዱ ወጀብ የዚህ የመጨረሻው ዓይነት ነበር።

ቴሌቪዥን ላይ «ኮሎራዶን ትልቅ ወጀብ ሊመታ ነው» ሲባል አንዱን ወገን ብቻ እንደሚያጠግብ ይገንዘቡ፤ የቀጣዩ ቀን ነፋስ ከየት እንደሚነሣ ሳያዩ ማዕከል አይምረጡ።

ፍጥነቱንም ይመልከቱ። በተራራው ጫፍ ላይ በሰዓት 40 ማይልና ከዚያ በላይ ከታየ ከፍተኞቹ ሊፍቶች የመቆማቸው ነገር ሰፊ ነው። ብሬክንሪጅ ላይ ኢምፒሪያል ኤክስፕረስ የሚባለው ሊፍት 12,840 ጫማ ድረስ ያወጣል፤ በሰሜን አሜሪካ ከወንበር ሊፍቶች ሁሉ ከፍተኛው ነው፤ በነፋስ መዘጋትም ልማዱ ነው። «እኔ ጀማሪ ነኝ፣ ያ ምን አገባኝ?» እንዳይሉ። ላይኛው ሲዘጋ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ታችኞቹ ይጎርፋል፤ ወረፋው የእርስዎ ይሆናል።

ነፋስ በረዶንም ያጓጉዛል። ከሚገጨው ጎን ጠርጎ ወስዶ ከጀርባው ይከምረዋል። አንዱ ተዳፋት እስከ ጠጣሩ ተላጭቶ ሌላው እስከ ወገብ የሚያሰምጥበት ቀን ሁለቱም የሚዘገቡት በአንድ ቁጥር ነው። ዛፍ የከለለው ቦታ ከዚህ ይተርፋል። በኮሎራዶ ዛፍ የሚያበቃው 11,500 ጫማ ገደማ ላይ ስለሆነ ነፋስ በተተነበየበት ቀን ከዚያ በታች ብዙ መስመር ያለውን ማዕከል፣ ለምሳሌ ዊንተር ፓርክን፣ ይምረጡ። ላቭላንድ ለጀማሪ ቤተሰብ የምወደው ቦታ ነው፤ ከዴንቨር 53 ማይል ብቻ ነው፣ የአይዘንሃወርን ዋሻ ሳያቋርጡ ይደርሱበታል። ግን የአህጉሩን የውኃ መክፈያ ሸንተረር ተደግፎ የተቀመጠ ነውና ነፋስ ባለበት ቀን ራቁትዎን ያስቀራል።

ሁለት ቀን ሲቀር፦ ትክክለኛውን ነጥብ ይጫኑ

ስልክዎ ላይ «ብሬክንሪጅ» ብለው ሲጽፉ የሚመጣልዎት የከተማው ትንበያ ነው። ከተማው 9,600 ጫማ ወይም 2,926 ሜትር ላይ ነው፤ ሊፍቱ የሚያደርሰው ከዚያ በ1,000 ሜትር ገደማ ይበልጣል። አየር በ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀዘቅዝ ታች ዜሮ ሲሆን ላይ ቆዳ የሚያሳርር ብርድ ይጠብቅዎታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወደ ዌዘር ዶት ጎቭ ገብተው የማዕከሉን ስም ይፈልጉ፤ ከዚያ ካርታው ላይ በጣትዎ ተራራውን ራሱን ይጫኑ። ገጹ የነኩትን ነጥብ ከፍታ በጫማ ይጽፍልዎታል። 9,000 ካለ ሸለቆው ውስጥ ነዎት፤ 11,500 ካለ መሃል ተራራ ላይ። ሁለቱንም ነጥብ አይተው ያስተያዩ። በዚያው ገጽ ላይ ሰዓት በሰዓት የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ይክፈቱ፤ በረዶው ሌሊት 10 ሰዓት ይጀምራል ወይስ ጠዋት 8 ሰዓት የሚለውን የሚያገኙት እዚያ ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ሰማይ ጥርት ብሎ ነፋስ ባልነበረበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከብዶ ሸለቆ ውስጥ ይተኛል። ዊንተር ፓርክ የሚገኝበት ፍሬዘር ሸለቆ በዚህ ይታወቃል፤ እንዲህ ባለ ማለዳ ታች ከላይ ይልቅ ይበርዳል። የልጆች ትምህርት የሚሰጠው ታች ስለሆነ ልብሱን በዚያ ልክ ያዘጋጁ።

በዚህ ሰዓት ኢንቹም ትርጉም መስጠት ይጀምራል፤ ያም ሆኖ አንድ ቁጥር ብቻ አይውሰዱ። የአየር ሁኔታ አገልግሎቱ ሦስት መጠን ያወጣል፤ ቢያንስ፣ የሚጠበቀው፣ ቢበዛ። ቢያንስ 1 የሚጠበቀው 5 ቢበዛ 13 ከሆነ ባለሙያው ራሱ ገና አልቆረጠም ማለት ነው። 4፣ 6፣ 8 ከሆነ ግን ሻንጣ ያዘጋጁ።

ምን ዓይነት በረዶ?

አንድ ኢንች ዝናብ አሥር ኢንች በረዶ ይሆናል የሚል የቆየ ስሌት አለ። በኮሎራዶ ተራሮች ላይ ግን አንዱ ኢንች ውኃ 15፣ አንዳንዴም 20 ኢንች ይሆናል። ምክንያቱ ደመናው ውስጥ ያለው ቅዝቃዜ ነው። ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ባለ ስድስት ክንድ፣ ቅርንጫፋቸው የበዛ የበረዶ ኮከቦች ይሠራሉ፤ ሲወርዱ በመካከላቸው አየር ይዘው ይቆለላሉ። እፍ ቢሉት እንደ ጤፍ ዱቄት የሚበተነው በረዶ ይህ ነው። ወደ ዜሮ ሲጠጋ ግን በረዶው እርጥብ ነው፤ ይከብዳል፣ ስኪውን ይይዛል፣ ጉልበት ይጠመዝዛል። ከባድ ነፋስ ካለ ደግሞ የኮከቦቹ ክንድ በአየር ላይ ተሰባብሮ ስለሚወርድ ቀዝቃዛ ቢሆንም ጥቅጥቅ ይላል።

ስለዚህ የሠንጠረዡን የሙቀት መስመር ይከተሉ። ወጀቡ ሞቅ ብሎ ጀምሮ እየበረደ የሚሄድ ከሆነ ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይሆናል፤ ለስኪ የሚመረጠው ይህ ነው። በርዶ ጀምሮ እየሞቀ ከሄደ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከባድ ንጣፍ ልል ነገር ላይ ያርፋል፤ መንሸራተቱም አይመችም፣ ከማዕከሉ ክልል ውጪም የበረዶ ናዳ አደጋን ይጨምራል።

ዋዜማው ማታ

ስልክዎ ላይ «ዊንተር ስቶርም ዋች» ከመጣ ከባድ ወጀብ ሊመጣ ይችላል፣ ተዘጋጁ ማለት ነው። «ዊንተር ስቶርም ዋርኒንግ» ከሆነ ግን መጥቷል ወይም መምጣቱ አይቀርም። «ብሊዛርድ ዋርኒንግ» ከታየ አይውጡ፤ ያ ማለት በሰዓት 35 ማይልና ከዚያ በላይ ነፋስ ከበረዶ ጋር ተደባልቆ ለሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሩብ ማይል በታች ብቻ የሚታይበት ሁኔታ ነው። ያኔ ጥበብ የሚባለው ቲኬቱን ማቃጠል ነው።

ጠዋት፦ የማዕከሉ ዘገባ ምን ይላል?

ማዕከሎቹ በረዶውን የሚለኩት ብዙ ጊዜ ንጋት 5 ሰዓት ገደማ ነው፤ «ባለፉት 24 ሰዓታት 7 ኢንች» የሚለው ያን ጊዜ ይወጣል። ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን ሁለት ነገር አይነግርዎትም። በረዶው የጣለው ትናንት ጠዋት ከሆነና ሊፍቱ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ከዋለ ያ 7 ኢንች ትናንት ተረግጦ፣ ተፈጭቶ አልቋል። በተቃራኒው መጣል የጀመረው ዛሬ 6 ሰዓት ከሆነ ዘገባው ዜሮ ይላል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ግማሽ ጫማ ሊያገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ቁጥሩን ማታ ካዩት የሰዓት ሠንጠረዥ ጋር ያስተያዩት።

ዘገባውን ለማመን የሚከብድዎት ከሆነ ካሜራውን ይክፈቱ። አብዛኞቹ ማዕከሎች ማስመሪያ የተተከለበትን ሰሌዳ ቀንና ሌሊት ያሳያሉ፤ በዓይንዎ ያነቡታል። ከዚያ ባሻገር መንግሥት በተራሮቹ ላይ ያቆማቸው ስኖቴል የሚባሉ ጣቢያዎች አሉ፤ በረዶውን መሬት ላይ በተዘረጋ ትራስ መሳይ መሣሪያ መዝነው ስንት ውኃ እንደያዘ ያሳያሉ። ላቭላንድ አጠገብም፣ በርቱድ መተላለፊያ ላይም ጣቢያ አለ። የበረዶው ጥልቀት ብዙ፣ ውኃው ጥቂት ከሆነ በረዶው ቀላል ነው።

በመጨረሻ በማሽን የተደለደሉትን መስመሮች ዝርዝር ይመልከቱ። ጀማሪ ከሆኑ የቀንዎ ካርታ እሱ ነው፤ እዚያ ውስጥ ያልተጻፈ መስመር ለዛሬ የእርስዎ አይደለም።

ተራራው ላይ፦ ሰዓቱ ሲለወጥ በረዶውም ይለወጣል

አረንጓዴ ክብ ቀላል፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን መካከለኛ፣ ጥቁር አልማዝ ከባድ ነው። ምልክቱ የሚናገረው ግን በዚያው ተራራ ላይ ካሉት ጋር ሲነጻጸር ስላለው ክብደት ነው፤ የዛሬውን በረዶ አያውቅም። ጠዋት 9 ሰዓት ላይ የጠጠረ ሰማያዊ፣ 11 ሰዓት ላይ ከለሰለሰው ያው ሰማያዊ ይልቅ ያስፈራል።

ለምን ይጠጥራል? ትናንት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላዩን አቅልጦት፣ ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ከሆነ በረዶው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቅቆ ይደርቃል። ይህ የሚሆነው የአየሩ ሙቀት ከዜሮ ትንሽ ከፍ ባለበት ሌሊት እንኳ ነው። ደመና ካደረ ግን ሙቀቱ ይታፈናል፤ ጠዋት የሚጠብቅዎት እርጥብና ድቡሽት የሆነ ነገር ነው። በማርች መጨረሻና በኤፕሪል ይህ ዑደት በየቀኑ ይደጋገማል። ሌሊት የደረቀው ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ላዩ ወደ ትናንሽ ፍሬዎች ይለወጣል፤ ኮርን ይሉታል፣ ስኪው ሳይታገል የሚሄድበት ነው። አንድ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ይቦካል፣ እግር ይይዛል፤ ያኔ ቦታ መቀየር ነው።

የመቀየሩ ሥርዓት ከፀሐይ ጋር ነው። ጠዋት ወደ ምሥራቅ በሚያየው ተዳፋት ይጀምሩ፤ ቀድሞ የሚለሰልሰው እሱ ነው። እኩለ ቀን ላይ ወደ ደቡብ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ ወደሚያየው ይሻገሩ። በጃንዋሪ ብርድ ደግሞ በረዶውን ደህና አድርጎ የሚያቆይልዎት ፀሐይ የማያገኘው የሰሜኑ ጎን ነው፤ በዚያው ልክ ይቀዘቅዛል። ካርታው ላይ ሰሜን ሁልጊዜ ወደ ላይ ስላልሆነ ጠዋት ሲደርሱ ፀሐይ ከየት እንደወጣች አይተው ይያዙ።

የተደለደለው መስመር ከሁሉ የሚያምረው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ነው። ከዚያ በኋላ የሺህ ሰው ስኪ ላዩን እየፋቀ ዳር ዳር ይከምረዋል፤ መሃሉ ይገለጣል። ከሰዓት በኋላ ዳር ዳሩን ይያዙ፤ ልል በረዶ የሚገኘው እዚያ ነው። 2 ሰዓት ተኩል ካለፈ ጥላ የወደቀበት ተዳፋት እንደገና መድረቅ ይጀምራል፤ እግርም ደክሟል። «አንድ ዙር ብቻ ልጨምር» የሚሉት ልጆች ብቻ አይደሉም፤ ያቺ ዙር ብትቀር ይሻላል።

ጆሮዎን ይጠቀሙ። ከፊትዎ ያለው ሰው ስኪ የመፋቅ ድምፅ ካሰማ መስመሩ ጠጥሯል፤ ፍጥነትዎን እዚያ ሳይደርሱ ይቀንሱ። ድምፅ ከሌለ ለስላሳ ነው። ሲረግጡት የሚንጣጣ ከሆነ በጣም በርዷል፤ እንዲህ ያለው በረዶ ስኪ ቶሎ አያንሸራትትም፤ መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው ወደ ኪራይ ቤቱ አይመለሱ።

ደመና ወርዶ ሰማይና መሬት አንድ ነጭ ሲሆኑ ጉብታና ጉድጓድ አይለዩም። ወደ ዛፎች አቅራቢያ ወዳለ መስመር ይውረዱ፤ የዛፎቹ ጥቁረት ለዓይን ድጋፍ ይሰጣል። ቢጫ ወይም ሮዝ መስተዋት ያለው መነጽርም ያግዛል። ሆኖም ብዙ በረዶ በጣለ ሰሞን ዛፎቹ መካከል አይግቡ፤ በግንዱ ዙሪያ ከቅርንጫፉ በታች ያለው በረዶ ባዶ ጉድጓድ ይደብቃል፤ በራሱ ተዘቅዝቆ የገባ ሰው ብቻውን አይወጣም። ገመድ ከተዘረጋ ገመዱ ምክንያት አለው። ጠዋት ከላይ ፍንዳታ ቢሰሙ አይደንግጡ፤ የማዕከሉ ጠባቂዎች ሰው ከመውጣቱ በፊት የበረዶ ናዳውን ራሳቸው እያወረዱት ነው። ከገመዱ ውጪ ይህን የሚያደርግልዎት የለም፤ እዚያ ያለውን አደጋ የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል በየዕለቱ በአምስት ደረጃ ያወጣዋል፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ግን እዚያ ምንም ሥራ የለውም።

ከፍታውን ሐበሻ ይንቀዋል። «እኛ የደጋ ልጆች ነን» እንላለን። የላቭላንድ መኪና ማቆሚያ 3,290 ሜትር ገደማ ነው፤ እንጦጦን ይስተካከላል ወይም ይበልጣል፤ ከአዲስ አበባ ከወጣን ስንት ዓመታችን! ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ውኃ ጠጥቶ መውረድ ነው። አዲስ በረዶ ከፀሐይ የሚመጣውን የሚያቃጥል ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ይረጫል፤ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፣ ዓይንም ይታመማል።

ደርሰው ሊፍቱ በነፋስ ከተዘጋ ወይም መስመሩ ሁሉ መስተዋት ከሆነ ቀኑ አልጠፋም። ፍሪስኮ ላይ በሜዳማው ደን ውስጥ የሚኬድበት የኖርዲክ ስኪ ማዕከል አለ፤ ሊፍት አያስፈልገውም፣ ዋጋውም ቀለል ይላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም የተወዳደረው በዚህ ዓይነቱ ስኪ ነበር።

ሲያትልና ዋሽንግተን ላላችሁ

የሲያትል ሰው የሚሄድበት ስኖኳልሚ መተላለፊያ 921 ሜትር ላይ ብቻ ነው። እዚያ ዋናው ጥያቄ ይጥላል አይጥልም ሳይሆን ዝናብ ነው በረዶ የሚለው ነው። ትንበያው ላይ ሙቀቱ ዜሮ የሚሆንበትን ከፍታ ይፈልጉ፤ በረዶ ዝናብ ሳይሆን የሚወርደው ከዚያ 300 ሜትር ያህል ዝቅ እስከሚል ድረስ ነው። ዜሮው 2,000 ሜትር ላይ ከሆነ ስኖኳልሚ ላይ ጃንጥላ ነው የሚያስፈልግዎት።

ከዋሽንግተንና ከቨርጂኒያ ወደ ፔንስልቬንያው ሊበርቲ ወይም ዋይትቴል የምትሄዱ ደግሞ የምትንሸራተቱት በአብዛኛው ማሽን በሠራው በረዶ ላይ ነው። ማሽኑ የሚሠራው ሌሊቱ በደንብ ሲቀዘቅዝና አየሩ ሲደርቅ ነው፤ ስለዚህ የሰማዩን በረዶ ትታችሁ ያለፉትን ሦስት አራት ሌሊቶች ቅዝቃዜ ተመልከቱ። ዝናብ ዘንቦ በማግስቱ ከበረደ ቤት ዋሉ፤ የሚጠብቃችሁ ጠጣር መስተዋት ነው።

መንገዱ

አይ-70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የጎማ ሕግ አለ። የጎማዎ ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች፣ ወደ 5 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀት ሊኖረው ይገባል፤ መኪናው በአራት ጎማ የሚነዳ ካልሆነ ለብርድ የተሠራ ጎማ ወይም ሰንሰለት ይጠየቃል። ጥሶ የተገኘ ከ130 ዶላር በላይ ይቀጣል፤ ተንሸራትቶ መንገድ የዘጋ ከ650 ዶላር በላይ። ከመነሣትዎ በፊት የግዛቱን የመንገድ መረጃ በሲ.ኦ.ትሪፕ ይመልከቱ፤ የአይዘንሃወር ዋሻ አፍና የየመታጠፊያው ካሜራ አለበት። ዋሻው ከ11,000 ጫማ በላይ ነውና ዴንቨር ላይ ደረቅ አስፋልት መኖሩ ምንም አይነግርዎትም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 6 ሰዓት በፊት ከአውሮራ ካልወጡ ወረፋው ውስጥ ነዎት፤ ሲመለሱም ከ2 እስከ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ የባሰ ነው። መንዳት ካልፈለጉ ስኖውስታንግ የሚባለው የግዛቱ አውቶቡስ አለ፤ ከዩኒየን ስቴሽን በቀጥታ ዊንተር ፓርክ ሊፍት ሥር የሚያወርድ ባቡርም አለ። የሚነዱ ከሆነ ግን ሰንሰለቱን በሳጥኑ እንደታሸገ ይዘው አይውጡ። በዚህ ሳምንት ጋራዥዎ ውስጥ አንድ ጊዜ ጎማው ላይ አስረው፣ ፈትተው ይለማመዱ።